የኔትወርክ ኬብል ቴስተር ሲመርጡ፦ ትስስርን፣ አቅምን ወይስ ደረጃን ነው የሚፈትኑት?

«ኬብል ቴስተር» ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ አንድ ዓይነት አይደለም። በመዳፍ የሚያዝ፣ ስምንት መብራት የተደረደረበት የፕላስቲክ ሳጥንም ኬብል ቴስተር ይባላል፤ ዋጋው የዚያን ብዙ መቶ እጥፍ የሆነ፣ በየዓመቱ ለካሊብሬሽን (የመለኪያው ትክክለኛነት ለሚረጋገጥበት ምርመራ) የሚላክ መሣሪያም ኬብል ቴስተር ይባላል። ሁለቱም ፈተናውን ሲጨርሱ «አልፏል» ይላሉ። ኬብል በዘረጋውና ኬብሉን በሚረከበው መካከል የሚነሣው ጭቅጭቅ አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል፤ ሁለቱ መሣሪያዎች «አልፏል» የሚሉት ስለተለያየ ነገር ነውና።

የመዳብ ኬብል መፈተሻዎች የሚመልሱት ጥያቄ ሦስት ነው። ስምንቱ ሽቦዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ በትክክለኛው ቦታቸው ተያይዘዋል ወይ? መስመሩ የተፈለገውን ፍጥነት ይሸከማል ወይ? መስመሩ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀመጠውን ልክ ያሟላል ወይ? የመጀመሪያውን የሚመልሰውን የትስስር ቴስተር፣ ሁለተኛውን የአቅም ቴስተር፣ ሦስተኛውን ሰርቲፋየር እንበላቸው።

ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከዋጋ ወይም ከኬብሉ ዓይነት ነው። እኔ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ነገ ስለዚህ መስመር የሚጠይቀኝ ማን ነው?» የሚለው ይመስለኛል። የሚጠይቅዎት ራስዎ ብቻ ከሆኑ የትስስር ቴስተር ይበቃል። «ኢንተርኔቱ ለምን ይጎተታል?» የሚል የቢሮ ሠራተኛ ከሆነ የአቅም ቴስተር ያስፈልጋል። ውል የፈረመ ደንበኛ ወይም ዋስትና የሰጠ የኬብል አምራች ከሆነ ግን ከሰርቲፋየር በቀር የሚያዋጣ የለም።

የትስስር ቴስተር ምን ያያል? ምንስ ያልፈዋል?

በአንድ የኔትወርክ ኬብል ውስጥ ስምንት ሽቦዎች በአራት ጥንድ ተገምደው ይገኛሉ። በኮኔክተሩ (በኬብሉ ጫፍ ባለው መሰኪያ) ላይ ጥንዶቹ የሚያርፉት 1 ከ2፣ 3 ከ6፣ 4 ከ5፣ 7 ከ8 ጋር ሆነው ነው። የቀለም ቅደም ተከተሉ «ቲ568ኤ» ይሁን «ቲ568ቢ» ይህ አይለወጥም፤ በሁለቱ መካከል ቦታ የሚለዋወጡት የብርቱካናማውና የአረንጓዴው ጥንድ ብቻ ናቸው።

ባለ መብራቱ ቴስተር በአንዱ ጫፍ ከባትሪው ኤሌክትሪክ በየሽቦው በተራ ይልካል፤ በሌላው ጫፍ ያለው ተቀባይ መብራት ያበራል። የተቆረጠ ሽቦ ካለ መብራቱ አይበራም። ሁለት ሽቦዎች ከተነካኩ አብረው ይበራሉ ወይም ይደበዝዛሉ። ሽቦዎች ቦታ ከተለዋወጡ የመብራቱ ቅደም ተከተል ይዛባል። እነዚህ በገጠማ ላይ በብዛት የሚያጋጥሙ ስህተቶች ስለሆኑ፣ ዋጋው ርካሽ ነው ተብሎ ሊናቅ የሚገባው መሣሪያ አይደለም። በሰርቲፋየር የሚሠሩ ቴክኒሺያኖችም በቦርሳቸው አንድ አያጡም።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አያይም፤ እሱም የተከፈለ ጥንድ ነው። አንድ አዲስ ሠራተኛ ኮኔክተር ሲገጥም ጥንዶቹን ጎን ለጎን ቢደረድራቸው ጥሩ ይመስለዋል እንበል። 1 እና 2 ላይ ብርቱካናማውን፣ 3 እና 4 ላይ አረንጓዴውን፣ 5 እና 6 ላይ ሰማያዊውን፣ 7 እና 8 ላይ ቡናማውን ጥንድ አስገባ፤ ሌላውንም ጫፍ በዚሁ መልክ ገጠመ። ባለ መብራቱ ቴስተር ከ1 እስከ 8 በሥርዓት ያበራል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሽቦ በእርግጥም ከቁጥር ወደ ተመሳሳይ ቁጥር ሄዷል። ስዊቹ (ኬብሎቹ የሚሰኩበት የኔትወርክ ማገናኛ ሳጥን) እና ኮምፒውተሩ ግን 3 እና 6ን እንደ አንድ ጥንድ ነው የሚጠቀሙት። አሁን በ3 ላይ ያለው ከአረንጓዴው ጥንድ፣ በ6 ላይ ያለው ከሰማያዊው ጥንድ የመጣ ሽቦ ነው፤ ሁለቱ እርስ በርስ አልተገመዱም። ሽቦዎች በጥንድ የሚገመዱት ከጎረቤት ጥንድና ከውጭ የሚመጣው ረብሻ በሁለቱ ላይ እኩል አርፎ እንዲጣፋ ነውና፣ ግምዱ ሲጠፋ ጥበቃውም ይጠፋል።

ውጤቱ የሚያበሳጨው ወጥ ስላልሆነ ነው። አጭር ኬብል ላይ ምንም ችግር ላይታይ ይችላል። ረዘም ሲል መስመሩ ይገናኛል፣ ይቋረጣል፣ እንደገና ይገናኛል፤ ወይም ጊጋቢት መሆን የነበረበት በ100 ሜጋቢት ይቆማል። ቴክኒሺያኑ ቴስተሩን አውጥቶ ይፈትሻል፤ ስምንቱም መብራት ይበራሉ። ከዚያ ስዊች ይቀየራል፣ የኮምፒውተሩ የኔትወርክ ካርድ ይቀየራል፣ ጥፋቱ ግን ኮኔክተሩ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው።

ስለዚህ በዚህ ክፍል ውስጥ ለመግዛት ከወሰኑ ከባለ መብራቱ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን እንዲመለከቱ እመክራለሁ፤ ትንሽ ስክሪን ያለው፣ የሽቦዎቹን አገናኝ በሥዕል የሚያሳይ፣ የተከፈለ ጥንድን ለይቶ የሚናገርና ርዝመት የሚለካ። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በተከፈለ ጥንድ ምክንያት በአንድ ቀን የሚባክነውን የሥራ ሰዓት አያህልም።

ርዝመት መለካት የሚሠራው በማሚቶ ነው። መሣሪያው አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይልካል፤ ምቱ ሽቦው የተቆረጠበት ወይም የተነካካበት ቦታ ሲደርስ ተመልሶ ይመጣል፤ የወሰደው ጊዜ ወደ ሜትር ይቀየራል። ለዚህም ምቱ በኬብሉ ውስጥ የሚሄድበትን ፍጥነት ማወቅ ያስፈልጋል። በአብዛኛው ኬብል ከብርሃን ፍጥነት ከ65 እስከ 75 በመቶ ባለው መካከል ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር በኬብሉ መረጃ ወረቀት ላይ ይገኛል። ቁጥሩ በትክክል ካልገባ ንባቡም ይዛባል፤ 100 ሜትሩ 95 ወይም 105 ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ቁጥሩን የማያስገባ ወይም የማያስተካክል ቴስተር የሚነግርዎትን ርዝመት እንደ ግምት ይውሰዱት። የአንዱ ጥንድ ርዝመት ከሌላው በጥቂቱ ቢለይ ግን አይደንግጡ፤ ጥንዶቹ ሆን ተብሎ በተለያየ ጥብቀት ስለሚገመዱ የሽቦው ርዝመት ራሱ ይለያያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ርካሽ ቴስተር ኤሌክትሪክ ባለው መስመር ላይ አይሰካ። ደረጃውን የጠበቀ ስዊች በኔትወርክ ኬብል ኃይል (ፒኦኢ) ከመላኩ በፊት በሌላው ጫፍ ያለው መሣሪያ ኃይሉን የሚቀበል መሆኑን ይመረምራል፤ ሳያጣራ የማያቋርጥ 24 ወይም 48 ቮልት የሚለቁ ኃይል ሰጪዎች ግን ብዙ ናቸው፤ ቴስተሩን በአንድ አፍታ ያቃጥሉታል።

ኬብሉ የት እንደሚወጣ ለማወቅ

ከግድግዳ ውስጥ ተንጋግተው ከሚወጡ ስልሳ ኬብሎች መካከል አንዱን መፈለግ ሌላ ሥራ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ድምፅ ላኪና ድምፅ ተከታታይ ዘንግ ነው፤ አንዱ በኬብሉ ጫፍ ይሰካል፣ ሌላው ኬብሎቹ አጠገብ ሲደርስ ይጮኻል። አናሎግ የሆነው ርካሽ ሲሆን ድምፁ ወደ ጎረቤት ኬብሎች ስለሚፈስ በተጨናነቀ ቦታ ያሳስታል፤ ከበራ ስዊች ጋር የተያያዘ ኬብል ላይም ይዳከማል። ዲጂታሉ በሁለቱም የተሻለ ነው። ብዙዎቹ የትስስር ቴስተሮች ድምፅ ላኪው አብሯቸው ስላለ፣ ለብቻው ከመግዛትዎ በፊት ያለዎትን መሣሪያ ይመልከቱ።

የአቅም ቴስተር፦ ለነባር መስመር

የአቅም ቴስተር ዋናው ቦታው አሮጌ ሕንፃ ነው። ኬብሉ ከዓመታት በፊት ተዘርግቷል፤ ማን እንደዘረጋው የሚያውቅ የለም፤ ሰነድም የለም። አሁን አዲስ የዋይፋይ ማሠራጫዎች መጥተዋል፤ ከ1 ጊጋቢት በላይ ይፈልጋሉ። ኬብሉ ይውጣና አዲስ ይግባ? ወይስ ያለው ይበቃል?

ጥያቄው ትርጉም ያገኘው በተለይ እ.ኤ.አ. በ2016 የ2.5 እና የ5 ጊጋቢት ኢተርኔት ደረጃ ከወጣ በኋላ ነው። ደረጃው የታሰበው በየሕንፃው ተዘርግቶ ያለውን ካት 5ኢ እና ካት 6 ኬብል («ካት» የኬብሉን ምድብ ያመለክታል) ሳይነቅሉ ፍጥነት ለመጨመር ነበር። 10 ጊጋቢት ግን ጥብቅ ነው፤ እስከ 100 ሜትር ለመድረስ ካት 6ኤ ይፈልጋል፤ በካት 6 ሁኔታው ከተመቸ እስከ 55 ሜትር ሊሄድ ይችላል። «ሊሄድ ይችላል» የሚለውን ሐረግ በእውነተኛው መስመር ላይ ወደ «ይሄዳል» ወይም «አይሄድም» የሚለውጥ መሣሪያ ነው የሚፈለገው።

የአቅም ቴስተሮች ይህን የሚያደርጉበት መንገድ አንድ አይደለም፤ ሲገዙ መጠየቅ ያለበትም እዚህ ላይ ነው። አንዳንዶቹ በሁለቱ ጫፎች መካከል እውነተኛ የኢተርኔት ዳታ ልከው ስንት ስህተት እንደተፈጠረ ይቆጥራሉ። ሌሎቹ በኬብሉ ላይ የተለያየ ፍሪኩዌንሲ ልከው የሲግናሉንና የረብሻውን መጠን ይለካሉ፤ ከዚያም መስመሩ የሚሸከመውን ከፍተኛ ፍጥነት ያስታውቃሉ። የመጀመሪያው የሚነግርዎት ዛሬ፣ በዚህ ሰዓት የሆነውን ነው። ሁለተኛው ኬብሉ ከገደቡ ምን ያህል እንደራቀ ስለሚጠቁም ለእኔ ይበልጥ ይመቸኛል፤ ዛሬ በጭንቅ ያለፈ መስመር ነገ ጣሪያው ሲሞቅ ወይም ከአጠገቡ ሌሎች ኬብሎች ሲጨመሩ ሊወድቅ ይችላልና።

የአብዛኞቹ ሌላው ጥቅም ስዊች ላይ ሲሰኩ የሚያሳዩት መረጃ ነው፤ ወደቡ ምን ፍጥነት እንደሚያቀርብ፣ ስንት ዋት ኃይል እንደሚሰጥ፣ በየትኛው ቪላን (በስዊቹ ውስጥ ተከፍሎ በተለየ የኔትወርክ ክፍል) ላይ እንዳለ። ለቢሮ የኔትወርክ ሠራተኛ ይህ መረጃ ከኬብሉ ፈተና ባልተናነሰ ይጠቅማል። በኔትወርክ የሚነሣ አቤቱታ ሲጣራ ኬብሉ ደኅና ሆኖ ወደቡ በተሳሳተ ቅንብር ላይ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

የማይችለውም በግልጽ መነገር አለበት። የአቅም ቴስተር ውጤት ለርክክብ አይሆንም። እነዚህ መሣሪያዎች ሊያሟሉት የሚገባ ወጥ የመለኪያ ጥራት ደረጃ ስለሌለ፣ የአንዱ አምራች «10 ጊጋቢት ያልፋል» ከሌላው አምራች ተመሳሳይ ቃል ጋር እኩል ነው ማለት አይቻልም። ሪፖርት ያትማሉ፣ ሪፖርቱም ያምራል፤ የኬብል አምራች ግን ለዋስትና አይቀበለውም።

በነገራችን ላይ፣ ምንም ከመግዛትዎ በፊት ያለዎትን ስዊች ይፈትሹ። ብዙ የሚተዳደሩ ስዊቾች ከውስጣቸው በማሚቶ የሚሠራ የኬብል መመርመሪያ አላቸው፤ አንድ ትእዛዝ ሲሰጣቸው የትኛው ጥንድ በስንት ሜትር ላይ እንደተቆረጠ ይናገራሉ። ውጤቱ ግምታዊ ነው፤ ሲመረመር መስመሩ ለአፍታ ሊቋረጥም ስለሚችል ሥራ በሚበዛበት ሰዓት አይደረግ። ግን ነጻ ነው።

ሰርቲፋየር፦ ውሉ የሚጠይቀው

ሰርቲፋየር «ይሠራል» አይልም። የሚለው «በዚህ ደረጃ፣ በዚህ ምድብ፣ በዚህ ውቅር የተቀመጡትን ልኮች ሁሉ አሟልቷል» ነው። ደረጃዎቹ በዋናነት ሁለት ናቸው፤ ቲአይኤ-568 እና አይኤስኦ/አይኢሲ 11801። መሣሪያው ከ1 ሜጋኸርዝ ጀምሮ እስከ ምድቡ ጣሪያ ድረስ ኬብሉን ይፈትነዋል፤ ለካት 5ኢ ጣሪያው 100፣ ለካት 6 ደግሞ 250፣ ለካት 6ኤ 500፣ ለካት 8 ደግሞ 2,000 ሜጋኸርዝ ነው። በየፍሪኩዌንሲው በመንገድ የሚጠፋውን ሲግናል፣ ከአንዱ ጥንድ ወደ ሌላው የሚፈሰውን (ክሮስቶክ)፣ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን (ሪተርን ሎስ)፣ በጥንዶች መካከል ያለውን የመድረሻ ጊዜ ልዩነትና ሌሎችንም ይለካል። ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹን የሚለካው ከሁለቱም ጫፍ ስለሆነ በሌላው ጫፍ ያለው ክፍል እንደ ባለ መብራቱ ተራ ተቀባይ አይደለም፤ ራሱም መለኪያ ነው። ይህ ሁሉ በዘመኑ መሣሪያ ላይ በ10 ሰከንድ አካባቢ ያልቃል።

የመሣሪያው ጥራትም ራሱ በደረጃ የተወሰነ ነው፤ በአይኢሲ 61935-1 እና በቲአይኤ-1152-ኤ። ካት 6ኤን ለመፈተን ቢያንስ «ሌቭል 3ኢ» የሚባለው ጥራት፣ ለካት 8 ደግሞ «2ጂ» የሚባለው ያስፈልጋል። በእጅ የገባ አሮጌ ሰርቲፋየር ለካት 6 የተሠራ ከሆነ በካት 6ኤ ፕሮጀክት ላይ ዋጋ የለውም፤ ያገለገለ መሣሪያ ርካሽ ሆኖ ሲገኝ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሰርቲፋየርን ከሌሎቹ የሚለየው «ወድቋል» ሲል ጥፋቱን ማሳየቱ ነው። አንድ የካት 6ኤ መስመር ክሮስቶክ ላይ ወደቀ እንበል። ሪፖርቱ የወደቁት ጥንዶች 3-6 እና 4-5 መሆናቸውን፣ ከልኩ የጎደለው 1.8 ዴሲቤል መሆኑን ይናገራል። እነዚህ ሁለት ጥንዶች ኮኔክተሩ ላይ አንዱ በሌላው መካከል የተቀመጡ በመሆናቸው አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚወድቁት እነሱ ናቸው። ቀጥሎ የክሮስቶኩን ቦታ የሚያሳየውን ግራፍ ሲከፍቱ ጉብታው ከሥር መስመሩ የሚነሣው በግድግዳው ሶኬት በኩል፣ ልክ ጫፉ ላይ ነው። አሁን ኬብል መንቀል፣ ጣሪያ መክፈት አያስፈልግም። ሶኬቱ ይፈታል፤ ሽቦዎቹ ከመሰካታቸው በፊት ግምዳቸው ሦስትና አራት ሳንቲሜትር ተፍታትቶ ይገኛል። ደረጃው የሚፈቅደው ከ13 ሚሊሜትር ያልበለጠ ነው። እንደገና ይገጠማል፣ እንደገና ይፈተናል። ጉብታው በኬብሉ መሐል፣ ለምሳሌ 40 ሜትር ላይ ቢሆን ኖሮ ግን የተቀጠፈ ወይም ከመጠን በላይ የታጠፈ ኬብል ነውና ሥራው ሌላ ይሆን ነበር።

አንዳንድ ጊዜ «አልፏል» ከሚለው ጎን ኮከብ ምልክት ይታያል። ትርጉሙ ውጤቱ ወደ ልኩ እጅግ ከመቅረቡ የተነሣ ልዩነቱ ከመሣሪያው የመለኪያ ስህተት ያነሰ ነው ማለት ነው። አንድ ሁለት ኮከብ አያስደነግጥም። በየገጹ ኮከብ ያለበት ሪፖርት ግን ወይ ዕቃው ደካማ ነው፣ ወይ የገጣሚው እጅ ደክሟል፣ ወይ የቴስተሩ መሰኪያ አርጅቷል።

ሪፖርት የሚረከብ ሰው ደግሞ ከ«አልፏል» በፊት ሊያነበው የሚገባ አንድ መስመር አለ፤ የፈተናው ውቅር። «ፐርማነንት ሊንክ» የሚባለው ከፓች ፓነል (በካቢኔቱ ውስጥ ኬብሎቹ ከሚያልቁበት የሶኬት ሰሌዳ) እስከ ግድግዳ ሶኬት ያለው፣ እስከ 90 ሜትር የሚደርሰው ቋሚ ክፍል ነው። «ቻናል» የሚባለው በሁለቱም ጫፍ ያሉትን ፓች ኮርዶች (አጫጭር ማገናኛ ገመዶች) ጨምሮ እስከ 100 ሜትር የሚደርሰው ነው። የቻናል ልክ ላላ ያለ ነው። በፐርማነንት ሊንክ የወደቀ መስመር በቻናል ሊያልፍ ይችላል፤ ይህን የሚያውቅ ተቋራጭም ሲጨንቀው ውቅሩን ይቀይራል። ፓች ኮርድ ግን በየጊዜው የሚቀየር ዕቃ ነው፤ ግድግዳ ውስጥ የሚቀረው ቋሚው ክፍል ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ ፐርማነንት ሊንክ ተብሎ ይጻፍ። ከጣሪያ ላይ ለካሜራ ወይም ለዋይፋይ ማሠራጫ በቀጥታ በኮኔክተር ለሚያልቅ መስመር ራሱን የቻለ ውቅር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የቲአይኤ-568.2-ዲ ደረጃ ውስጥ ይገኛል፤ ለእሱም በአንድ ጫፍ የተለየ አዳፕተር ያስፈልጋል።

የኬብል አምራቾች ከ15 እስከ 25 ዓመት የሚደርስ ዋስትና የሚሰጡት በሰርቲፋየር የተገኘ ውጤት ሲቀርብላቸው ነው። ውጤቱንም በአብዛኛው የሚፈልጉት በመሣሪያው የመጀመሪያ ፋይል መልክ እንጂ በፒዲኤፍ ብቻ አይደለም፤ ፒዲኤፍ ማንም ሊቀይረው ይችላልና።

መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም

በሦስቱም ክፍሎች ላይ የሚሻገር አንድ ችግር አለ። ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ መዳብ የተቀባ ሽቦ ያለው ኬብል ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ተብሎ ይሸጣል። ደረጃዎቹ አይፈቅዱትም፤ ዋጋው ግን ይስባል።

ባለ መብራቱ ቴስተር አይለየውም። የሚያስገርመው፣ ሰርቲፋየርም በአንዳንድ ፈተናዎች ሊያሳልፈው መቻሉ ነው፤ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ኤሌክትሪክ የሚሄደው በሽቦው ላይኛ ገጽ ስለሆነ፣ ላዩ ደግሞ መዳብ ነው። የሚያጋልጠው በኦም የሚለካው የሽቦው መቋቋም ነው። የዚህ ዓይነት ሽቦ መቋቋም በውፍረት እኩያው ከሆነ ንጹሕ መዳብ ከግማሽ በላይ ይበልጣል። 50 ሜትር የሆነ፣ ባለ 24 ጌጅ (የሽቦ ውፍረት መለኪያ) ንጹሕ መዳብ ኬብል ጥንዱ ደርሶ መልስ ሲለካ ከ8 እስከ 9 ኦም አካባቢ ያነባል። አሉሚኒየሙ 13 ኦምና ከዚያ በላይ ነው። ለሙሉ ቻናል የተፈቀደው 25 ኦም ስለሆነ 13ም «አልፏል» ይባላል! ስለዚህ «አልፏል» የሚለውን ሳይሆን ኦሙን ለሜትሩ አካፍሎ ማየት ነው። ጥርጣሬ ካለ የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ ማድረግም ይረዳል፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ከታየ ነገሩ አለቀ።

ይህ ድሮ ብዙም አያሳስብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የመጀመሪያው የፒኦኢ ደረጃ ወደቡ የሚሰጠውን በ15.4 ዋት ወሰነ፤ በ2009 ወደ 30 ዋት አደገ፤ በ2018 የወጣው 802.3ቢቲ ወደ 90 ዋት አደረሰው። መቋቋሙ የበዛ ሽቦ ይህን ኃይል ሲሸከም ይሞቃል፤ በአንድ ላይ በታሰሩ ብዙ ኬብሎች መካከል ደግሞ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ካሜራና ዋይፋይ ማሠራጫ የሚገጥም ሰው ቴስተር ሲመርጥ የሽቦ መቋቋም የሚለካና በመስመሩ መጨረሻ ላይ ኃይል እየሳበ ስንት ዋት እንደሚደርስ የሚያሳይ መሣሪያ ቢፈልግ ይጠቀማል። ቮልት ብቻ የሚያሳይ አይበቃም፤ ጭነት በሌለበት ቮልቱ ሁልጊዜ ደኅና ይመስላል።

ታዲያ ማን ምን ይያዝ?

በቤቱ ወይም በትንሽ ቢሮው አሥር መስመር ለሚዘረጋ ሰው የተከፈለ ጥንድ የሚለይ የትስስር ቴስተር በቂው ነው። ከዚያ በላይ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው ብል አላፍርም፤ ለሚተርፈው ገንዘብ ጥሩ ኬብልና ጥሩ ኮኔክተር የተሻለ ጥቅም ነው።

የአንድን ድርጅት ኔትወርክ በቋሚነት ለሚጠብቅ ሠራተኛ የአቅም ቴስተር ይሻላል፤ በተለይ ስዊቹንም የሚያነበው ዓይነት። ሥራው ማስረከብ ሳይሆን አቤቱታን መፍታት ነውና። ሰርቲፋየር ቢገዛለት አብዛኛውን ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ የካሊብሬሽን ቀኑም እዚያው ያልፋል።

ካሜራ ገጣሚ በሁለቱ መካከል ነው። ፒኦኢን ከነጭነቱ የሚፈትን የትስስር ቴስተር ካገኘ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ኬብል ዘርግቶ የሚያስረክብ ድርጅት ሰርቲፋየር ያስፈልገዋል፤ እዚህ ላይ ጥያቄው መግዛት ወይስ መከራየት የሚለው ብቻ ነው። በዓመት አንድ ሁለት ፕሮጀክት ያለው ቢከራይ ይሻለዋል፤ የካሊብሬሽኑ፣ የሶፍትዌር ማሻሻያውና የሚያልቁት አዳፕተሮች ወጪ በአከራዩ ላይ ይሆናልና። ሥራው ተከታታይ ከሆነ ደግሞ ኪራዩ ቶሎ ዋጋውን ይደርስበታል። ሰርቲፋየር ያለው ድርጅትም ቢሆን ለእያንዳንዱ ገጣሚ የትስስር ቴስተር ይስጥ፤ የተቆረጠን ሽቦ ለማግኘት ውዱን መሣሪያ ከፎቅ ፎቅ ማመላለስ ጊዜም ዕቃም መጨረስ ነው።

የሳጥኑ ላይ ጽሑፍ

ባለ መብራት ቴስተር ሳጥን ላይ «ካት 5፣ ካት 6፣ ካት 7፣ ካት 8 ይፈትሻል» ተብሎ ይታተማል። ቃሉ ውሸት አይደለም፤ በእነዚህ ኬብሎች ላይ ይሰካል፤ መብራቱም ይበራል። ምድቡን ግን አይፈትንም። ምድብን የሚለየው በሜጋኸርዝ የሚለካው ጠባይ ነው፤ ያ ሳጥን ደግሞ ከባትሪ በሚወጣ ቀጥታ ኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ ነው።

ሽፋን (ረብሻን የሚከላከል የብረት መጠቅለያ) ያለው ኬብል የሚዘረጉ ከሆነ «የሽፋን ፈተና» የሚለውንም በጥንቃቄ ያንብቡ። ቀላሉ ቴስተር የሽፋኑን መብራት የሚያበራው በሁለቱ ጫፍ መካከል ኤሌክትሪክ እስከሄደ ድረስ ነው። የኬብሉ ሽፋን መሐል ላይ ተቆርጦ፣ ኤሌክትሪኩ ግን በሁለቱ የኔትወርክ ካቢኔቶች የመሬት ሽቦ ዞሮ ቢደርስም መብራቱ ይበራል። የተሻሉ ሰርቲፋየሮች የሽፋኑን መያያዝ በራሱ በኬብሉ መንገድ ላይ ይለካሉ።

ያገለገለ ወይም የኪራይ ሰርቲፋየር ከመረከብዎ በፊት የካሊብሬሽን ወረቀቱ ቀን ከፕሮጀክቱ ማብቂያ በኋላ የሚያልፍ መሆኑን፣ የፐርማነንት ሊንክ አዳፕተሮቹ ሁለቱም መኖራቸውን፣ ሶፍትዌሩ ውልዎ የጠቀሰውን የደረጃ እትም መያዙን ይመልከቱ። ከዚያ ሁለቱን ክፍሎች አያይዘው የዕለቱን ማመሳከሪያ ይውሰዱ፤ የፈተናውን ልክ፣ ውቅርና የኬብሉን የፍጥነት ቁጥር ያስገቡ፤ ጥሩነቱን የሚያውቁትን አንድ መስመር ሦስት ጊዜ ይፈትኑ። ውጤቶቹ በዴሲቤል ክፍልፋይ ብቻ ከተለያዩ መሣሪያውን ይረከቡ። ከዚያ በላይ ከዘለሉ አዳፕተሩ እንዲቀየርልዎ ይጠይቁ።